ከግድግዳው ማዶ ያለች ቆርቆሮ

«ለዚህ ጣት እስካሁን የወሰዱት መድኃኒት አለ?» አለች ዶክተሯ፣ ዓይኗን ከካርዱ ላይ ሳታነሳ።

«ኧረ ምንም» አለች አክስት።

ሬዲዮ ከአክስቷ ወንበር ጀርባ ቆማ ይህን ሰማች። ሬዲዮ የመዝገብ ስሟ አይደለም፤ የክፍሏ ልጆች ያወጡላት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በየሳምንቱ ዓርብ በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ታሪክ ታነባለች። ድምፅ ማጉያ በሌለበትም ቢሆን አፏ አይዘጋም። ያን ዕለት ጠዋት ግን ዘጋችው። ሲመጡ መንገድ ላይ አክስቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ የቆርቆሮዋን ነገር አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፣ ሆድ ይፍጀው ብላታለች።

ዶክተሯ ጣቱን አገላብጣ አየችው። የቀኝ እጅ አመልካች ጣት ነው። ጫፉ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ጥፍሩ ሥር መግል ቋጥሯል። የስፌት መኪና መርፌ እንደወጋት አክስት አስረዳች። መቼ ስትባል «ሰሞኑን» አለች። ከተወጋች ግን ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው። ሰሞኑን የሚባለው ቃል መቼም እንዲህ ላለው ጊዜ የተፈጠረ ነው፤ ውሸትም አይደል፣ እውነትም አይደል።

ዶክተሯ የማዘዣ ወረቀት ጻፈችላቸው። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሲደርሱ ባለሙያው ለሰባት ቀን የሚሆን እንክብል ቆጥሮ ሰጣቸው፣ አወሳሰዱንም ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነገራቸው። እንክብሉ ቀይና ቢጫ ነበር። ሬዲዮ ስታየው አወቀችው፤ አክስቷ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀደም ብላ አራት ፍሬ የዋጠችው ይህንኑ ነው። ወደ ዶክተሯ ክፍል ሁለት እርምጃ መለስ አለችና ቆመች። ሐኪም ያውቃል አለች በሆዷ። ሐኪም ያልነገሩትን ከየት አምጥቶ ያውቃል? ያኔ ይህን አላሰበችውም፤ ወይም አስባ ተወችው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አክስት የምትሠራበት ስፌት ቤት ከሬዲዮ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ስምንት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ የካውያ ጥግ አለው። በብዛት የሚሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ አልፎ አልፎ የደንበኛ ሱሪም ይገባል። የቤቱ ኃላፊ ጨርቅ ቆራጯ ናቸው፤ ሁሉም እትዬ መቀስ ይሏቸዋል። ወገቡ ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ የሚስብ ደንበኛ ሲገጥማቸው ሜትሩን እንደያዙ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይልቀቁት ጌታዬ» ይሉታል። ሰውየው እየሳቀ ይለቀዋል፤ ሱሪውም በልኩ ይወጣል።

አክስት ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ የምትሰፋ ናት። መኪናው የሚሠራው ቀዳዳ ቶሎ ይተረተራል፤ የእሷ ሸሚዙ አልቆ ቀዳዳው ይተርፋል ይባላል። ሬዲዮን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት በዚያች ጣት ነው ቢባል ማጋነን የለበትም። የመኪና መርፌ የወጋትም የእሷ ባልሆነ ሥራ ገብታ ነው፤ አንዷ ሰፊ ቀርታባቸው ኮሌታ ላግዝ ብላ።

እዚያ ቤት ቁልፍ አይጣልም። የሸሚዝ ቁልፍ ማለቴ ነው። ከአሮጌ ልብስ ይነቀላል፣ ከወለል ይለቀማል፣ በቀለሙና በመጠኑ ተለይቶ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ቀን የሚመስለው ሲጠፋ ይተካል። ይህን ልማድ ማን ወደ መድኃኒት እንዳዞረው የሚያስታውስ የለም። አንዷ ሳል ይዟት ከታዘዘላት ላይ አምስት ሲተርፋት፣ ለሌላ ሰው ይሁን ብላ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖረችው። ሌላዋ ከጥርሷ የተረፈውን ጨመረች። በሦስት ዓመት ቆርቆሮዋ ልትሞላ ምንም አልቀራት። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ክፉ ሰው የተረፈውን ለባልንጀራው አያስቀምጥም።

ቁልፍ መለየት የሬዲዮ የልጅነት ሥራ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እዚያው ስለሆነ ከቁልፉ ወደ እንክብሉ ለመሸጋገር ጊዜ አልፈጀባትም። ቀይና ቢጫውን ለብቻ፣ ቀይና ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጫጩን ክኒን ትልቅና ትንሽ ብላ ከፈለችው፤ በመካከላቸውም የካርቶን ቁራጭ አጥር አቆመች። ቆርቆሮዋ ስትከፈት ዓይን ትስባለች። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮው የከረከረው፣ ድዱ ያበጠ፣ ሆዱ የተረበሸ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሷ ሆነ። የኔ ዶክተር፣ ሁለት ስጪኝ ይሏታል፤ ትሰጣለች። ደስ ይላት ነበር፤ ይህን መካድ አያስፈልግም።

አክስት በተወጋች ማግስት ጣቷ ሲያብጥ ሬዲዮ ስድስት ቀይና ቢጫ ሰጠቻት። አክስት አራቱን በሁለት ቀን ወሰደች፤ እብጠቱ ቀለል ሲላት የቀሩትን ሁለቱን፣ ሌላ ሰው ቢቸገርስ ብላ መለሰች። በሳምንቱ ጣቱ እንደገና አበጠ። ሬዲዮም ያኛው ካልሠራ ይሄኛው ብላ ሦስት ቀይና ጥቁር አስዋጠቻት። አራተኛውን ለሁለት ከፍታ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችላት። አራትና አራት ስምንት፤ ስምንቱም ከእሷ እጅ ወጣ። ክሊኒክ የሄዱት ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ነው።

*

ከክሊኒክ በተመለሱ ማግስት የባዮሎጂ መምህሩ ሬዲዮን ወደ ቢሯቸው አስጠሩ። የጤና ሳምንት እየደረሰ ነው፤ የመዝጊያው ዓርብ የእሷ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ርዕሱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን በአግባቡ ስለመጠቀም ነው። ተማሪው ንግግር እጅ እጅ ብሎታል፣ እኔ ስናገር ያዛጋል፣ አንቺ በታሪክ አድርጊልን አሏት። ሁለት ገጽ ማስታወሻም ሰጧት።

ሬዲዮ የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ ብዕሯን አነሳች። ንጉሥ ጀርም የሚባል ሆዳም ንጉሥ ፈጠረች፤ በአንድ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ቤተ መንግሥት ሠርቶ ይኖራል። ሠራዊት አለው፣ አጫፋሪ አለው፣ ማታ ማታ የሚያንኮራፋ የጦር አዛዥ አለው። ክፍል ውስጥ ለሙከራ ስታነብላቸው ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የወንበር ጓደኛዋ ይመችሽ፣ ነፍ አሪፍ ነው፣ ንጉሡ ሲሞት ብቻ ድምፅሽን ቀጠን አድርጊው አለቻት።

ንጉሡን ለመግደል ሁለተኛውን ገጽ ማንበብ ነበረባት። መምህሩ እዚያ ላይ በእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለዋል፦ መድኃኒቱ ሳያልቅ ሲቋረጥ፣ ወይም ላልታዘዘለት ሰውና በሽታ ሲሰጥ፣ ቀድመው የሚሞቱት ደካሞቹ ጀርሞች ናቸው። ጠንካሮቹ ይተርፋሉ፣ ይራባሉ፣ መድኃኒቱንም ይላመዱታል። የተላመደው መድኃኒት በሚቀጥለው ጊዜ አይሠራባቸውም። እነዚህ ጀርሞች ከሰው ወደ ሰው ይሻገራሉ።

ሬዲዮ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበችው። መምህሩ አክስቷን አያውቋትም፤ ስፌት ቤቱንም ገብተው አያውቁም፤ ግን ማስታወሻው የአክስቷን ጣት እያየ የተጻፈ መሰላት። ንጉሥ ጀርምን መግደል ትታ ቆስሎ እንዲያመልጥና ጋሻ ሠርቶ እንዲመለስ አደረገችው። ታሪኩ የባሰ አማረ። 

ያኔውኑ ሮጣ ለዶክተሯ መናገር ትችል ነበር። ክሊኒኩ ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ምናልባት ይሻላት ይሆናል፣ ትንሽ ልይ አለች። አክስት በዚህኛው ዙር አንድም ሰዓት አላዛነፈችም፤ ሰዓቱ ሲደርስ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ እንክብሏን ትውጣለች። ሬዲዮ በየቀኑ ጠዋት ጣቱን እያየች አምስት ቀን ቆየች።

*

በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ወደ መዳፏ ወረደ። ከጣቷ ሥር ተነስቶ እስከ እጅ አንጓዋ የሚሄድ ቀይ መስመር ታየ፤ ሰውነቷም ያተኩስ ጀመር። ተመልሰው ሄዱ። ያችው ዶክተር ናት ያየቻቸው። ቁስሉን ከፍታ መግሉን አወጣች፣ ናሙና ወስዳ በትንሽ ብልቃጥ ወደ ላቦራቶሪ ላከች፣ ራጅ አስነሳቻት። ከዚያ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ብዙ ቆየች።

መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስደዋል ወይ ስትል ጠየቀች። አክስት አንድም አልዘለልኩም ብላ ማለች፤ ይህ እውነት ነበር። ዶክተሯ ግራ ገባት። መሥራት የነበረበት መድኃኒት ነው፣ ለምን እንዳልሠራ አልገባኝም አለች። የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ሦስት ቀን ይወስዳል፤ እስከዚያ በግምት መሄድ ሊኖርባት ነው። የጣቱ ጫፍ አጥንት ተነክቶ ከሆነ ደግሞ ማዳን ላይቻል እንደሚችል ድምፅዋን ሳትቀይር ነገረቻቸው።

«እንደገና ልጠይቅዎት» አለች። «ከኔ በፊት የወሰዱት ምንም የለም?»

አክስት ዞር ብላ ሬዲዮን አየቻት። ሬዲዮ ያን አስተያየት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማስጠንቀቂያ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው። አሁን ከፊት ለፊቷ ስታየው ሌላ ሆነባት። አክስቷ የምትዋሸው ለራሷ ፈርታ አይደለም። ልጅቱ ናት የሰጠቻት እንዳይባል ነው፤ ለሬዲዮ ብላ ጣቷን ልትሰጥ ነው።

«ወስዳለች» አለች ሬዲዮ።

ዶክተሯ ቀና አለች።

«የሰጠኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አራት ቀይና ቢጫ፣ ከዚያ ሦስት ቀይና ጥቁር። አንዱን ደግሞ ቁስሏ ላይ ነስንሻለሁ።»

«ስማቸውን ታውቂያለሽ?»

«ቀለማቸውን ነው የማውቀው።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠችና ቆርቆሮዋን እንድታመጣ ላከቻት። ሬዲዮ ሮጣ ሄደች፣ ማንም ሳያያት ከስፌት ቤቱ መደርደሪያ አንስታ ሮጣ ተመለሰች። ዶክተሯ ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግታ ገለበጠችው፤ የካርቶኑ አጥር ፈረሰ፣ ቀለሙ ሁሉ ተደባለቀ። ሁለት ቀይና ጥቁር እንክብሎችን አንስታ መዳፏ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንድ ናቸው ወይ አለቻት። ሬዲዮ አዎ አለች። ዶክተሯ አጉሊ መነጽር ሰጠቻት፤ በመነጽሩ ሲታዩ በጎናቸው የተጻፉት ደቃቅ ፊደሎች የተለያዩ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ አንድ ሸሚዝ ቁልፍ በአንድ ጥግ ያስቀመጠቻቸው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ነበሩ።

ዶክተሯ ከነጫጮቹ ትልቁን ክኒን አነሳችና መራራ ፈገግታ ታየባት። «ይሄ ደግሞ የዶሮ ነው» አለች።

የስፌት ቤቱ ልብስ ተኳሽ ጋሽ ካውያ ቤታቸው ዶሮ ያረባሉ። አክስት ያ ሁሉ ትኩሳት እያለባት ሳቀች። የሳቀችበትን ምክንያት ሬዲዮ በኋላ ነው የሰማችው፤ ባለፈው ዓመት ድዷን ሲያማት ከዚያ ሁለት ወስዳ፣ ፍቱን ነው ብላ ለሁሉም አውርታ ነበር።

ዶክተሯ የታዘዘውን ቀይና ቢጫ አስቆመች፤ በሌላ ቀየረችውና በመርፌ አስጀመረቻት። አልተቆጣችም። እንክብሎቹን ወደ ቆርቆሮዋ መልሳ፣ በደህና እንዲወገዱ ለመድኃኒት ቤቱ እንደምታስረክብ ነገረቻቸው። ሲወጡ ብቻ ለሬዲዮ አንድ ነገር አለቻት።

«ይህን ባለፈው ብሰማ ኖሮ ያንን መድኃኒት አላዝም ነበር።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሬዲዮ ወደ ቤት እስኪደርሱ አምስት ቀን፣ አምስት ቀን እያለች ሄደች።

በሦስተኛው ቀን የላቦራቶሪው ወረቀት መጣ። ከተሞከሩት መድኃኒቶች አራቱ በአክስት ጀርም ላይ አይሠሩም፤ የቆርቆሮዋ ቀይና ቢጫም ከእነዚያ አንዱ ነው። የሚሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም በመርፌ። ከሁለቱ አንዱ ዶክተሯ ያስጀመረቻት ነበር። ትኩሳቱ ወረደ፣ ቀዩ መስመር ጠፋ፣ እጇም ተረፈ። አጥንቱ ግን ተነክቷል። የአመልካች ጣቷ ጫፍ ከላይኛው አንጓ ላይ ተቆረጠ።

*

አክስት ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይታ ወደ ሥራ ስትመለስ ስፌት ቤቱ በእቅፍ ተቀበላት። እትዬ መቀስ እንባቸው መጣ። ጥፋተኛውንም አግኝተውት ነበር፤ የዛገ መርፌ ነው ብለው፣ በቤቱ ያለውን መርፌ በሙሉ ሰብስበው ጥለው በአዲስ ተክተዋል። ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም። አክስትም መርፌው ነው ሲሏት አዎ አለች። የቁልፍ ቀዳዳ መስፋት አልቻለችም፤ መርፌ የሚቆንጠጠው በዚያች ጫፍ ነበር። አልቆ ከመጣው ዩኒፎርም ላይ የተንጠለጠለ ክር እየቆረጠች እንድታጠራ ጥግ ሰጧት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የአዲስ ገቢ ሥራ ጀመረች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሬዲዮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጋሽ ካውያ ጉሮሯቸውን በፎጣ ጠቅልለው ጠበቋት። የኔ ዶክተር፣ ከዚያ ከቀይና ጥቁሩ ሁለት ብቻ አሏት። ሬዲዮ ቆርቆሮዋ የለችም አለች። እትዬ መቀስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሳይነሱ፣ ቆርቆሮ ጠፋ ብሎ ነገር የለም፣ እኔ ሌላ አዘጋጅቻለሁ አሉ። ከመሳቢያቸው አዲስ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው ከፈቱት። ከልጃቸው ሳል የተረፈ ስድስት እንክብል አስቀድመው ከተውበታል። ጥግ ጥጉን እየጠቆሙ፣ ያንን አጥርሽን አንቺ ትሠሪልናለሽ አሏት።

«እኔ አልሰጥም» አለች ሬዲዮ። «ጋሽዬ ሐኪም ይይዎት።»

ጋሽ ካውያ የቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሳቁና ራሳቸው እጃቸውን ሰደው ሁለት አነሱ፤ ያለ ውኃም ዋጧቸው። እትዬ መቀስ ግን አልሳቁም። ከመቼ ወዲህ ነው ሰው እያመመው እጅሽን የምትሰበስቢው፣ ትምህርት ለካ እንዲህ ንፉግ ያደርጋል አሉ። የመኪና ሰፊዎቹ ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ሬዲዮ የሰጠቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ታስታውሳለች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ እጅ ያልዋጠ ሰው የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ያልቅ ነበር። አክስቷ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ክር ትቆርጣለች፤ ዓረፍተ ነገሩ የእሷም ነውና ሳይፈቀድላት ልትናገረው አልቻለችም።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ሬዲዮ ነገሯን አወጣች። ዓርብ የጤና ሳምንት መዝጊያ ነው፣ የጻፍኩት የንጉሥ ታሪክ አለ፣ እሱን ማንበብ አልፈልግም፣ የኛን ልንገራቸው አለች።

አክስት ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ቆመች።

«ድምፅ ማጉያው እኛ ጋ ይሰማል እኮ» አለች። «ሁሉም ሊሰሙት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቱ ናት የጎዳቻት ይሉሻል። እኔ የዋሸሁት እንዲህ እንዳትባዪ ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች ሬዲዮ። «አምስት ቀን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ፣ አክስቴ። ዛሬ ደግሞ ጋሽ ካውያ ሲውጡ ቆሜ አየሁ።»

አክስት መንገዷን ቀጠለች። በፋሻ የተጠቀለለውን እጇን በሌላው እጇ ደግፋ ይዛለች። የአትክልት መሸጫዎቹን አልፈው ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ፣ «ንገሪያቸው» አለች። «ስሜን ግን እንዳትጠሪ።» ጥቂት እንደሄዱም ጨመረችበት። «ደግሞ አንድ አንጓ ነው የሄደው፣ አንድ አንጓ ነው በይ። አለበለዚያ ነገ ክንዷ ተቆረጠ ብለው ነው የሚያወሩት።»

«የዶሮውንስ?»

«የዶሮውን ከዘለልሽማ እኔና አንቺ ተጣላን» አለች አክስት።

*

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ሞልቶ ነበር። ድምፅ ማጉያው የተሰቀለው በዚያው በአዋሳኙ ግድግዳ ጫፍ ላይ ነው፤ ግማሹ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ፣ ግማሹ ለስፌት ቤቱ ይደርሳል። ሬዲዮ በምታነብበት ዓርብ ሁሉ እትዬ መቀስ መኪና ያስቆማሉ። የኛ ልጅ ናት፣ ጸጥ በሉ ይላሉ። ዛሬም ከደጅ ቆማ ተራዋን ስትጠብቅ ከግድግዳው ማዶ የመኪናው ድምፅ አንድ በአንድ ሲቀንስ ሰማች። ሰባት ቆመ። ቀጥሎ ስምንተኛው። ተቀይመዋት እንኳ አስቆሙላት።

የባዮሎጂ መምህሩ ማይኩን ሰጧትና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። የወንበር ጓደኛዋ ከፊት ረድፍ ሆና፣ ንጉሡ ሲሞት ድምፅሽን ቀጠን ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ሬዲዮ እጇ ላይ ያለውን ባለ አራት ገጽ ታሪክ አየችው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ማንንም አያስከፋም፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ከግድግዳው ማዶም አዲሷ ቆርቆሮ መሙላቷን ትቀጥላለች። ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ንጉሡ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

«የዛሬው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ግድግዳ ማዶ ካለች አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ነው» አለች። «ውስጧ ከብዙ ሰው በሽታ የተረፈ መድኃኒት ነበረባት። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ በቀለም እየለየሁ ሳስቀምጠውም፣ ለሰው ሳድለውም የነበርኩት እኔ ነኝ። በዚያ ምክንያት አንዲት የምወዳት ሰው የጣቷን አንድ አንጓ አጥታለች። መርፌው አይደለም ጥፋተኛው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ሜዳው ላይ የሳቀ የለም። ከግድግዳው ማዶ አንድ መኪና ተነሳ፣ ሦስት አራት ስፌት ያህል ሄደና ቆመ። ሬዲዮ ሌላ ሲነሳ ጠበቀች። አልተነሳም። እነእትዬ መቀስ እየሰሟት ነው።

ማይኩን ወደ አፏ ጠጋ አደረገችው።

«መጀመሪያ የሰጠኋት ስድስት ነበር» አለች። «ሁለቱን መለሰችልኝ።»